ሳካሳ ኬባሪ፦ የጃፓኑን የላባ ዝንብ በጣት መሥራት

ለበዓል ዶሮ ሲታረድ መጀመሪያ የሚጣለው ላባው ነው። እኔ ደግሞ የምጠብቀው እሱን ነው። እናቴ የፈላውን ውሃ ይዛ ብቅ ስትል «እማዬ፣ አንዴ ቆዪኝ» እላታለሁ። ከአንገቱ ዙሪያ የሚሆነኝን ለቅሜ በወረቀት እጠቀልላለሁ። በመጀመሪያው ዓመት «ደግሞ ላባ ምን ሊያደርግልህ ነው?» ብላኝ ነበር። አሁን ራሷ ለይታ ታስቀምጥልኛለች። ገብስማ ዶሮ ከተገኘማ ስልክ ትደውልልኛለች።

ላባው የሚሄደው ወደ ዓሣ መንጠቆ ነው። ጃፓኖች ኬባሪ ይሉታል። «ኬ» ፀጉር ወይም ላባ ማለት ነው። «ሃሪ» ደግሞ መርፌ ወይም መንጠቆ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ «ሃሪ» ወደ «ባሪ» ይለወጥና ኬባሪ ይሆናል። ላባ የለበሰ መንጠቆ እንደማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ ዝንብ የምለው እሱን ነው። ዓሣው ውሃ ውስጥ ሲያየው የሚበላ ትንኝ ይመስለዋል።

ዛሬ አንዱን ዓይነት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን እንሠራለን። ስሙ ሳካሳ ኬባሪ ነው። ሳካሳ ማለት የተገለበጠ ማለት ነው። በሌሎች ብዙ የውሃ ውስጥ ዝንቦች ላይ ላባው ወደ ኋላ ይተኛል። በዚህኛው ግን ወደ ፊት፣ ክር ወደሚታሰርበት የመንጠቆው ዓይን ያዘነብላል። ነፋስ የገለበጠው ጃንጥላ አስቡ፤ ቅርጹ ልክ እንደዚያ ነው።

ከሥራው በፊት አንድ ነገር ልናገር። ይህ ዝንብ የትኛውንም የተወሰነ ትንኝ አይመስልም። እንዲመስልም አልተፈለገም። ሥራው ውሃ ውስጥ መተንፈስ ነው። ስትስቡት ላባው ይሰበሰባል፤ ስትለቁት ይከፈታል። ዓሣውን የሚጠራው ይህ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ከታች የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይመጣል፦ ላባው ለስላሳ ይሁን፣ ጥቂት ይሁን። ይህን ከያዛችሁ ሌላው ስህተት ሁሉ ይታለፋል።

የተራራው ዝንብና የከተማው ዝንብ

ጃፓን ውስጥ ኬባሪ አንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። ሁለት መንገድ አለው።

አንዱ የተራራ መንገድ ነው። በመካከለኛው ጃፓን ተራሮች ላይ ዓሣ አጥምደው ለእንግዳ ማረፊያዎች እየሸጡ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። የሚያጠምዱት ኢዋና፣ ያማሜና አማጎ የሚባሉትን የቀዝቃዛ ጅረት ዓሦች ነው። ሦስቱም የትራውት ዘመዶች ናቸው። ዘንጋቸው ቀርከሃ ነበር። ክራቸው ከፈረስ ጭራ የተገመደ ነበር፤ ማሲንቋችን ላይ የሚወጠረው ማለት ነው። የክር ማጠንጠኛ የለም። ዘንግ፣ ክር፣ ዝንብ፣ በቃ። ይህ አጠማመድ ዛሬ ቴንካራ ይባላል። እንግሊዛዊው ዲፕሎማት ኧርነስት ሳቶው እ.ኤ.አ. በ1878 በጃፓን ተራሮች ሲጓዝ በማስታወሻው ላይ ጽፎታል።

እነዚህ ሰዎች ለመዝናናት አልነበረም የሚያጠምዱት። የዕለት እንጀራቸው ነበር። ስለዚህ ዝንባቸው ቶሎ የሚሠራ፣ ከደጅ በተገኘ ነገር የሚሠራ፣ ቢጠፋም የማያስቆጭ ነበር። ሳካሳ ኬባሪ የእነሱ ልጅ ነው።

ሌላው መንገድ የከተማ ነው። በካናዛዋ ከተማ፣ የማኤዳ ቤተሰብ በሚገዛው የካጋ ግዛት፣ ሳሙራዮች አዩ የሚባለውን የወንዝ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። በሰላም ዘመን ሰውነትን ማጠንከሪያ ነበር። ከዚያ የካጋ ኬባሪ ተወለደ። ሜቦሶ ሃቺሮቤ የሚባለው የካናዛዋ መርፌ ቤት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1575 ነው። እስከ ዛሬም አለ። አሁን ከዝንቡ ጎን ለጎን በዚያው ጥበብ የላባ ጌጣጌጥ ይሠራል። በሂዮጎ አውራጃ፣ በኒሺዋኪ ከተማ ደግሞ የባንሹ ኬባሪ አለ። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1987 በባህላዊ የእጅ ጥበብነት መዝግቦታል።

የአዩ ዝንብ ሌላ ዓለም ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር በማይሞላ መንጠቆ ላይ ብዙ ዓይነት ላባ ይጠመጠማል። ራሱ ላይ ላከር ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተሠራች ትንሽ ኳስ ትቀመጥና በወርቅ ቅጠል ትለበጣለች። ባለሙያው መንጠቆውን በማሰሪያ መሣሪያ አይጠብቀውም፤ በጣቱ ይዞ ነው የሚሠራው። እኔ ያንን ልሞክር አልችልም፣ ላስተምርም አልችልም። የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። በጣት መያዙን ግን ከእነሱ እንወስዳለን። ክር ምን ያህል ሲወጠር እንደሚበቃው፣ ምን ያህል ሲሆን እንደሚበጠስ የሚያውቀው ጣት ነው። ብረት ያሰረውን መንጠቆ ስትሠሩ ይህ ስሜት ግማሹ ይጠፋል።

ምን ምን ያስፈልጋል

መንጠቆ። ቁጥር 12 ይሁን። በመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መጠኑ ያንሳል። ስለዚህ 14 ትንሽ ነው፣ 10 ትልቅ ነው። ለጀማሪ ከ12 ያነሰ ትንሽ መንጠቆ፣ እንደ 14 ያለው፣ አይሆንም፤ ጣት አይዘውም። ድሮ የጃፓን መንጠቆ ዓይን አልነበረውም። ከሐር ክር ትንሽ ቀለበት ሠርተው ቀጥ ባለው የመንጠቆው ግንድ ላይ ያስሩለት ነበር። አሁን ዓይን ያለው በየቦታው ስለሚሸጥ እሱን ግዙ።

ክር። የልብስ ስፌት ክር ይበቃል። ጥቁር፣ ቡናማ ወይም ቀይ። ሐር ከተገኘ ደስ ይላል፣ ፖሊስተር ግን አያሳፍርም። ቀጭኑን ምረጡ። የብርድ ልብስ መስፊያ የመሰለው ወፍራም ክር ዝንቡን ያሳብጠዋል።

የንብ ሰም። አንድ ቁራጭ። ሻማ አይሆንም፣ ይፈረፈራል። ክሩን ሁለት ጊዜ በሰሙ ላይ ጎትቱት። ከዚያ በኋላ አይንሸራተትም፤ ብትለቁትም ቶሎ አይፈታም። በጣት ለሚሠራ ሰው ሰም ግማሽ እጅ ነው።

ለሆድ የሚሆን ፀጉር። ጃፓኖች ዘንማይ የሚባል የተራራ ተክል ይጠቀማሉ። በጸደይ ቡቃያው ጥቅልል ብሎ ሲወጣ እንደ ጥጥ ያለ ቡናማ ፀጉር ለብሶ ነው። ቡቃያውን ይበሉታል፣ ፀጉሩን ለዝንብ ያስቀምጡታል። በእሱ ፈንታ የበግ ፀጉር በጣም ጥሩ ነው። ቡናማ ወይም ግራጫ በግ ካገኛችሁ ቀለም እንኳ አያስፈልገውም። ከአሮጌ የሱፍ ሹራብ ላይ ነጭታችሁ ብትወስዱም ይሆናል።

ሹል መቀስ። ፒንሳ። የልብስ ማስጫ መቆንጠጫ፣ ከእንጨት የሆነው ይሻላል። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም። ጥሩ ብርሃን። ሌላ የለም።

ላባው

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዝንቡ የሚወለደውም የሚሞተውም እዚህ ነው።

የጃፓን ተራራ ሰዎች የሚወዱት የሴት ኪጂ ላባ ነው። ኪጂ የዶሮና የቆቅ ዘመድ ነው፤ የጃፓን ብሔራዊ ወፍም ነው። የሴቷ ላባ ቡናማና ዥጉርጉር ነው። ዋናው ነገር ግን ቀለሙ አይደለም፤ ለስላሳነቱ ነው። ውሃ ሲነካው ይታዘዛል።

ኪጂ ከሌለ ሴት ዶሮ አለች። የአንገቷና የትከሻዋ ላባ ለስላሳ ነው። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ግን ረጅም፣ የሚያብረቀርቅና ጠንካራ ነው። መልኩ ያታልላል። እኔም ተታልያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ዝንቦቼን በቀይ አውራ ዶሮ ላባ ነበር የሠራሁት። ጠረጴዛ ላይ እንደ አበባ ያምሩ ነበር። ውሃ ውስጥ ግን እንደ ጥርስ ብሩሽ ደርቀው ቀሩ። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓሣ ዞር ብሎ አላያቸውም።

አውራ ዶሮ ብቻ ካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከአንገቱ ሥር ወደ ጀርባው ስትሄዱ ላባው እየለሰለሰ ይመጣል። የበዓሉ ዶሮ ላይ የምለቅመው ከዚያ ነው። ገብስማና ኮክማ የምወደው ለዚህ ነው፤ ላባው ላይ ያለው ጭረት ውሃ ውስጥ ሲርገበገብ እግር ያለው ነገር ያስመስለዋል።

ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ላባውን በአገዳው ያዙና በከንፈራችሁ አርጥቡት። በቀስታ እፍ በሉበት። ፀጉሮቹ ከታጠፉና ከተመለሱ ይሆናል። ቀጥ ብለው ከቆሙ አይሆንም።

ርዝመቱን ደግሞ ከመንጠቆው ጋር አስተያዩ። በመንጠቆው ሹልና በግንዱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። የላባው ፀጉር የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቢበዛ ሁለት እጥፍ ይሁን። ቁጥር 12 ላይ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ላባውን የምትለቅሙት ዶሮው የፈላ ውሃ ሳይነካው በፊት ነው። የተቀቀለ ላባ ይጨማደዳል። ከለቀማችሁ በኋላ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡት። በደንብ አለቅልቁት። ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ከዚያ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ለጥቂት ቀናት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ብል እንዳይበላው ነው። አንድ ሙሉ ካርቶን ላባ በብል ያለቀበት ሰው ይህን ደረጃ አይዘልም።

ወደ ሥራው

መጀመሪያ የመንጠቆው ሹል ላይ ያለውን ትንሽ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቁት። ያለ እሾህ መንጠቆ ከዓሣው አፍ ቶሎ ይወጣል፤ ትንሹን መልሳችሁ ስትለቁት አይቆስልም። ከጣታችሁም ቶሎ ይወጣል። በጣት ስለምንሠራ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

60 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ቁረጡ። በሰም ጎትቱት። አንዱ ጫፍ ላይ የልብስ መቆንጠጫውን ግጠሙበት። መቆንጠጫው ሲንጠለጠል በክብደቱ ክሩን ወጥሮ ይይዝላችኋል። እጃችሁ ሌላ ሥራ ሲኖረው ክሩ አይፈታም ማለት ነው።

መንጠቆውን በግራ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መታጠፊያው ላይ ያዙ። ሹሉ በጣቶቻችሁ መካከል ይሸፈን። ዓይኑ ወደ ቀኝ ይይ። ግራኝ ከሆናችሁ ሁሉንም ገልብጡት።

አሁን ክሩን ጀምሩ። ከዓይኑ ኋላ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ተዉ። የክሩን ነፃ ጫፍ ግንዱ ላይ አስተኙና በላዩ ላይ ወደ ኋላ አምስት ስድስት ዙር ጠምጥሙ። አቅጣጫው ይህ ነው፦ ክሩ ከላይ አልፎ ከእናንተ ይራቅ፣ ከሥር ዞሮ ይመለስ። ዙሮቹ ጎን ለጎን ይተኙ። የተረፈውን ጫፍ ቁረጡት። መቆንጠጫውን ልቀቁት። ቢንጠለጠልና ምንም ባይፈታ በትክክል ጀምራችኋል።

ቀጥሎ ላባው ነው። በሳካሳ ላባው መጀመሪያ ይታሰራል፣ ሆዱ በኋላ ይመጣል። ከላባው ሥር እንደ ጥጥ የሚበተነውን ክፍል ነጭታችሁ ጣሉ። አገዳው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ራቁቱን ይቅር። ላባውን ስታዩት አንዱ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ደብዛዛ ነው። ወደ ደብዛዛው በኩል ትንሽ ይጎብጣል። ይህን ጉብጠት ልብ በሉ፤ ላባው ወደ ፊት እንዲያዘነብል የሚረዳው እሱ ነው።

ራቁቱን አገዳ ግንዱ ላይ አስተኙ። የላባው ጫፍ በዓይኑ በኩል ወደ ፊት ወጥቶ ይቆይ። የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ ላይ፣ ደብዛዛው ወደ ታች ይሁን። አገዳውን በአምስት ጠንካራ ዙር እሰሩ። ከዚያ ክሩን ጥቂት ዙር ወደ ኋላ ውሰዱትና ይንጠልጠል።

የላባውን ጫፍ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱት። ደብዛዛው ፊት አሁን ወደ ዓይኑ ያያል። ትክክል ነው። ካልሆነ ፈታችሁ እንደገና እሰሩ። እዚህ ላይ ያልፋል ብላችሁ አትለፉት፤ መጨረሻ ላይ አይስተካከልም።

አሁን ላባውን ግንዱ ላይ ጠምጥሙት። ሁለት ዙር። ቢበዛ ሦስት። እያንዳንዱ ዙር ከፊተኛው ኋላ ይቀመጥ፤ ወደ መታጠፊያው እየሄዳችሁ ነው ማለት ነው። ስትጠመጥሙ ፀጉሮቹ በአገዳው ሥር እንዳይቀበሩ በሌላኛው እጅ በቀስታ ወደ ፊት አድርጓቸው። ሁለቱን ዙር እንደጨረሳችሁ ክሩን አንስታችሁ የላባውን ጫፍ በሦስት ዙር ያዙት። የተረፈውን በመቀስ ጫፍ ቁረጡ። ፀጉሩን እንዳትቆርጡ ተጠንቀቁ።

እዚህ ቦታ ላይ ሰው ሁሉ የሚፈተንበት ነገር አለ። ላባው ገና ይቀራል። ጥሩ ላባ ነው፣ መጣሉ ያሳዝናል። አንድ ዙር ብጨምርስ ያሰኛል። አትጨምሩ። ፀጉሮቹ መቆጠር እስኪችሉ ድረስ ሳሳ ያሉ ይሁኑ። ውሃ በመካከላቸው ማለፍ አለበት። ውሃ ካላለፈ አይተነፍስም።

ቀጥሎ ወደ ፊት የማዘንበሉ ሥራ ነው። ፀጉሮቹን በሙሉ በጣታችሁ ሰብስባችሁ ወደ ዓይኑ በኩል ሳቧቸው። እንደያዛችኋቸው ክሩን ልክ ከሥራቸው ኋላ አስጠግታችሁ ሦስት አራት ዙር ጠምጥሙ። ክሩ እንደ ግድግዳ ከኋላ ይገፋቸዋል። ልቀቁ። በአንዴ ይከፈቱና ወደ ፊት አዘንብለው ይቆማሉ። የተገለበጠው ጃንጥላ ይኸው። ቀጥ ብለው ከቆሙ አንድ ሁለት ዙር ጨምሩ። ዓይኑን እስኪሸፍኑ ከተኙ ደግሞ አብዝታችኋል፤ አንድ ዙር ፍቱ።

ሆዱ ቀላል ነው። ክሩን በተቀራረበ ዙር እስከ መታጠፊያው መጀመሪያ ውሰዱት። ከሹሉ ትይዩ ስትደርሱ ይበቃል። ከበግ ፀጉሩ የሽንብራ ፍሬ የማታክል ቁንጢር ውሰዱ። ሳሳ አድርጋችሁ በታትኑት። ሰም በተቀባው ክር ላይ አስጠግታችሁ በሁለት ጣት በአንድ አቅጣጫ ብቻ አሹት። ወደ ኋላና ወደ ፊት ካሻችሁት ይፈታል። ጥጥ ሲፈተል ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። ክሩ ላይ ቀጭን የፀጉር ገመድ ይሆናል። ርዝመቱ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል።

ይህን ገመድ ወደ ላባው እየመጣችሁ ጠምጥሙ። ከኋላ ቀጭን፣ ወደ ላባው ሲጠጋ ትንሽ ወፈር ያለ። ያ ትንሽ ውፍረት ጥቅም አለው። ላባው ውሃ ሲገፋው ወደ ኋላ ሙሉ ለሙሉ እንዳይተኛ ይደግፈዋል። ከቸኮላችሁ ደግሞ ፀጉሩን ተዉትና ሆዱን በክር ብቻ ሥሩት። ብዙ የተራራ ዝንቦች ሆዳቸው ክር ብቻ ነው። ዓሣው አልተቀየመም።

የመጨረሻው ቋጠሮ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ሌላ 10 ሳንቲ ሜትር ክር ቆርጬ ለሁለት አጥፋለሁ። የታጠፈው ጫፍ ወደ ላባው፣ ሁለቱ ነፃ ጫፎች ወደ መታጠፊያው እንዲሆኑ ሆዱ ላይ አስተኛዋለሁ። ከላባው ኋላ ባለችው ጠባብ ቦታ ዋናውን ክር በእሱ ላይ አምስት ዙር እጠመጥማለሁ። መቆንጠጫውን አውልቄ የዋናውን ክር ጫፍ በታጠፈው ቀለበት ውስጥ አሳልፋለሁ። ከዚያ ሁለቱን ነፃ ጫፎች እስባለሁ። ቀለበቱ ዋናውን ክር ይዞ በዙሮቹ ሥር ያልፋል። ክሩን ጠበቅ አድርጌ ከሥሩ እቆርጣለሁ። ቋጠሮ አይታይም፤ አይፈታምም።

በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም ዙሮቹ ላይ አድርጉ። ላባው ላይ እንዳይፈስ። የደረቀ የጥፍር ቀለም ለስላሳውን ላባ እንጨት ያደርገዋል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ተዉት።

በብርጭቆ ውሃ መፈተን

ዝንቡን ቁራጭ ክር ላይ አስራችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ክተቱት። መጀመሪያ በጣት አርጥቡት፤ ደረቅ ላባ አየር ይዞ ይንሳፈፋል። ከዚያ ክሩን በጣም በትንሹ ሳብ፣ ለቀቅ አድርጉት። ፀጉሮቹ ሲሰበሰቡና ሲከፈቱ ማየት አለባችሁ።

ካልተንቀሳቀሱ ላባው ጠንካራ ነው፣ ወይም ዙሩ በዝቷል። ዝንቡ ሲሳብ እንደ እሽክርክሪት ከዞረ ፀጉሩ ወደ አንድ ጎን በዝቷል፤ ረጃጅሞቹን ነጭታችሁ አመጣጥኑ። ወደ ታች ካልወረደ ሆዱ ወፍሯል። ክር ማሰሪያው ዓይን በፀጉር ወይም በክር ከተደፈነ ከፊት በኩል በቂ ቦታ አልተዋችሁም ማለት ነው። በመርፌ ልትከፍቱት ትችላላችሁ። በሚቀጥለው ግን ያንን 2 ሚሊ ሜትር አትርሱ።

አምስት ሥሩ። አምስተኛው ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም። እኔ የመጀመሪያውን 40 ደቂቃ ፈጅቼ ነው የሠራሁት። አሁን ከ10 ደቂቃ አይበልጥም።

ውሃ ላይ

ስለ አጠማመዱ ባጭሩ። የዛሬው የቴንካራ ዘንግ ከካርቦን የሚሠራ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ነው። 3.6 ሜትር የተለመደ ርዝመት ነው። ከጫፉ ዘንጉን የሚያክል ክር ይታሰራል። ከክሩ ጫፍ 1 ሜትር ያህል ቀጭን ናይለን ይቀጠላል። ዝንቡ እዚያ ላይ ነው።

ወደ ወንዙ ምንጭ አቅጣጫ እየሄዳችሁ አጥምዱ። ዓሣው ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙሮ ስለሚቆም ከኋላው ትመጣላችሁ። ዝንቡን ከድንጋይ በላይ ጣሉትና ከውሃው ጋር ይውረድ። ድንጋዩ አጠገብ ሲደርስ የዘንጉን ጫፍ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ አድርጉ። ጃፓኖች ይህን ሳሶይ ይሉታል፤ መጋበዝ ማለት ነው። አታጣድፉት። ከፍ፣ ዝቅ፣ ፋታ። ብዙ ጊዜ ዓሣው የሚነጥቀው በፋታው ላይ ነው። ላባው የሚከፈተው ያኔ ነዋ!

ስንት ዓይነት ዝንብ ያስፈልጋል? ለዚህ የጃፓኑን ዶክተር ሂሳኦ ኢሺጋኪን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ አሜሪካ ሄደው በኒው ዮርክ ግዛት በካትስኪል ቴንካራን አሳይተዋል። በአንድ ዓይነት ዝንብ ብቻ በማጥመድ ነው የሚታወቁት። የእሳቸው ዝንብ ሳካሳ አይደለም። ላባው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የአውራ ዶሮ ጠንካራ ላባም ነው። ያ ዝንብ በጠንካራነቱ ውሃውን ቆንጥጦ ይይዛል። ሥራው ሌላ ነው፤ ለእሱም ቦታ አለው። ቁም ነገሩ ግን ዝንብ በመለዋወጥ ጊዜ አለማጥፋታቸው ነው። እኔም ሦስት አራት ቡናማ ሳካሳ ይዤ ነው የምወጣው። ቀለም አልለውጥም። አጣጣሌንና አጠጋጌን ነው የምለውጠው።

አገራችን ውስጥ ለዚህ ዝንብ የሚሆን ውሃ አለ ወይ ለሚል፣ ባሌ ተራሮች አለ። በዌብና በዳንካ ወንዞች ውስጥ ከኬንያ የመጣ ትራውት ይኖራል። ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ፣ ድንጋያማ ውሃ ነው። ዝንቡን ውሃ ላይ ከመጣላችሁ በፊት የማጥመጃ ፈቃድ ጠይቁ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁም እንዲሁ። ተራራማ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ትራውት ያለበት ጅረት ሩቅ አይሆንባችሁም። ኮሎራዶ ያላችሁ ደግሞ በር ላይ ነው ያላችሁት።

ከተጠቀማችሁ በኋላ

እርጥብ ዝንብ ሣጥን ውስጥ አትክደኑ። መንጠቆው ይዝጋል፣ ዝገቱም ላባውን ይበላዋል። ባርኔጣችሁ ላይ ወይም ቡሽ ላይ ሰክታችሁ አድርቁት። ላባው ከተጣመመ የሻይ ጀበና አፍ ላይ ለጥቂት ሰከንድ በእንፋሎቱ ያዙት። በፒንሳ ያዙት እንጂ በጣት አይደለም። ፀጉሩ ተመልሶ ቀጥ ይላል።

ሁለት ሦስት ፀጉር ተበጥሶበት፣ ሆዱ ተቦጫጭቆ የሚመለስ ዝንብ ይኖራል። እሱን አትጣሉት። ሳስቶ ስለሆነ ከአዲሱ የበለጠ የሚያጠምድበት ጊዜ ብዙ ነው። የእኔ ምርጡ ዝንብ አሁን የቀረው ስምንት ፀጉር ብቻ ነው።

ጨርሶ ሲያረጅ ደግሞ በምላጭ ከሆዱ በኩል ክሩን ቁረጡት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይላቀቃል። መንጠቆውን በሞረድ ወይም በስለት ድንጋይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሹት፣ ጥፍራችሁ ላይ አድርጋችሁ ፈትኑት። ሳይንሸራተት ከያዘ ስሏል። ለሚቀጥለው ላባ ዝግጁ ነው።